«ኤል-ላይሲን 1000» ሲል አንድ ፍሬ ማለት አይደለም

ድሬዳዋ ከዚራ ካለ ፋርማሲም ይገዛ ከውጭ ዘመድ ይላክ፣ የፀጉር አሚኖ አሲድ (ፕሮቲን የሚገነባበት ንጥረ ነገር) ብልቃጥ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳተው አንድ ቃል ላይ ነው፦ «ሰርቪንግ»። ትርጉሙ አንድ ፍሬ ሳይሆን በአንድ ጊዜ የሚወሰደው መጠን ነው። ከፊት «ኤል-ላይሲን 1000 ሚሊግራም» ተብሎ ከጀርባ «ሰርቪንግ፦ 2 ፍሬ» ከተጻፈ፣ አንዱ ፍሬ 500 ብቻ ነው። በቀን አንድ ሰርቪንግ ለሚወስድ ሰው ባለ 60ው ብልቃጥ 30 ቀን ይቆያል። «ኤል» ደግሞ ሰውነት ለፕሮቲን የሚጠቀምበትን ዓይነት ያመለክታል፤ ከጥንካሬ ጋር አይገናኝም።

ፀጉር በአብዛኛው ኬራቲን የሚባል ፕሮቲን ነው። ፕሮቲን ከሚገነባባቸው አሚኖ አሲዶች አንዱ የሆነውን ላይሲንን ሰውነት ራሱ አይሠራውም፤ 60 ኪሎ የሚመዝን አዋቂ በቀን 1800 ሚሊግራም ገደማ ከምግብ ማግኘት አለበት። የሐረርጌ ማሽላ በላይሲን ደሃ ነው፤ ባቄላ ግን ያሟላዋል። ስለዚህ ጠዋት ፉል፣ ማታ ሥጋ ወይም እንቁላል ለሚበላ ሰው ፍሬው ብዙም አይጨምርለትም፤ ገንዘቡን ለምርመራ ቢያውለው ይሻላል። ፀጉር የሚያረግፈው የብረት ማነስ ወይም የታይሮይድ ችግር ሊሆን ይችላልና።

አንድ ከባድ ጥንቃቄ አለ። ብዙ የፀጉር ፍሬዎች ባዮቲን የሚባል ቫይታሚን ይቀላቀልባቸዋል፤ እሱም የታይሮይድና የልብ የደም ምርመራ ውጤትን ያዛባል። ደም ከመስጠትዎ በፊት ለሐኪሙ ይንገሩ፤ ከስንት ቀን ቀድመው እንደሚያቆሙም ይጠይቁ። ነፍሰ ጡርና የኩላሊት ሕመምተኛ ያለ ሐኪም አይጀምሩ። ፀጉር በወር 1 ሴንቲሜትር ገደማ ስለሚያድግ፣ ለውጡ የሚታየው ከ3 ወር በኋላ ነው።