የጉበት ሕመም ያለበት ሰው ዓይኑ ለምን ይደርቃል?

የሰውነት መከላከያ ራሱ ጉበትን የሚያጠቃበት ሥር የሰደደ በሽታ፣ በተለይም ጥቃቅን የሐሞት ቱቦዎችን የሚጎዳው ዓይነት፣ ያለባቸው ብዙ ሰዎች ዓይናቸው ውስጥ አሸዋ የገባ ያህል ይቆረቁራቸዋል። መነሻው ጉበቱ አይደለም። መንገድ የሳተው መከላከያ የእንባ ዕጢዎችንም ስለሚያጠቃ ነው፤ ስለዚህ የጉበት ምርመራው ቢሻሻልም ድርቀቱ ሊቀጥል ይችላል።

ግር የሚያሰኘው ደረቅ ዓይን ማልቀሱ ነው። የዓይኑ ገጽ ሲቆጣ ዕጢው ውሃ የበዛበት እንባ በድንገት ይለቃል፤ ይህ ግን ቶሎ ይፈስሳል እንጂ ዓይኑን አያረጥብም። ሐኪሙ ቀጭን የወረቀት ቁራጭ በታችኛው የዓይን ቆብ ላይ ለ5 ደቂቃ አንጠልጥሎ ይለካል፤ እርጥበቱ ከ5 ሚሊ ሜትር ካልዘለለ እንባው በግልጽ አንሷል ማለት ነው።

ሰው ሠራሽ እንባ (ዓይን የሚያረጥብ ጠብታ) በቀን ከ4 ጊዜ በላይ የሚጠቀም ሰው ማቆያ ኬሚካል የሌለበትን ይምረጥ፤ ኬሚካሉ ራሱ ሲደጋገም የዓይኑን ገጽ ይጎዳል። ለሌሊት የዓይን ቅባት ይሻላል። ለማሳከክ የሚወሰዱ እንቅልፍ የሚያመጡ የአለርጂ ክኒኖች ድርቀቱን ያብሳሉ፤ ይህን ብዙ ሰው ልብ አይለውም።

በጨለማ ለማየት መቸገር ግን ሌላ ጉዳይ ነው። ወደ አንጀት የሚደርሰው ሐሞት ሲያንስ በጨለማ ለማየት የሚያስፈልገው ቫይታሚን ኤ በደንብ አይመጠጥም። የቫይታሚን ኤ ክኒን በራስ ውሳኔ ገዝቶ መዋጥ አደገኛ ነው፤ ሲበዛ ጉበትን ስለሚጎዳ መጠኑ በደም ምርመራ ይወሰን። የሰውነት መከላከያን የሚያበርደውን ፕሬድኒሶሎን የተባለ መድኃኒት ለረጅም ጊዜ የሚወስዱ ደግሞ መድኃኒቱ የዓይን ሞራና ግላኮማ (አብዛኛውን ጊዜ የዓይን ግፊት ጨምሮ የእይታ ነርቭን የሚጎዳ በሽታ) ሊያስከትል ስለሚችል የዓይን ግፊታቸውን በየጊዜው ያስለኩ። ዓይን ቀልቶ ካመመ፣ ብርሃን ካስቸገረው ወይም እይታው ከቀነሰ ጠብታ እየቀያየሩ መቆየት አይገባም፤ በዚያው ቀን ሐኪም ይየው።