ሥራ መቼ ፕሮፌሽን ይሆናል? በጥብቅና ላይ የሚነሱ የተሳሳቱ አመለካከቶች

«ሙያ» የሚለው ቃላችን ወጥ ከመሥራት አንስቶ እስከ ቀዶ ሕክምና ሁሉንም ያቅፋል። «ፕሮፌሽን» ሲባል ነገሩ የሚምታታውም በዚሁ የተነሳ ነው። ጥብቅናን ይዘን እንየው።

«ፕሮፌሽን ማለት ከሌላው የከበረ ሥራ ነው»

አይደለም። አናጢ የሠራውን በር ከፍተን ዘግተን እንፈትሻለን፤ ከተንጋደደ መልሰን እንጠራዋለን። ጠበቃ የያዘውን ይግባኝ ግን ደንበኛው እንዲህ መፈተሽ አይችልም። በፍትሐ ብሔር ጉዳይ ይግባኝ የሚቀርበው ፍርድ በተሰጠ በ60 ቀን ውስጥ ነው። ጠበቃው በ61ኛው ቀን መዝገብ ቤት ቢደርስ ጊዜው አልፏል። የይግባኝ ማስፈቀጃ ማቅረብ ይቻላል፤ ሆኖም የዘገየው በጠበቃው ጉድለት ከሆነ ሕጉ ይህን እንደ በቂ ምክንያት አይቀበለውም። ቤቱን ወይም ውርሱን የሚያጣው ደንበኛው ነው፤ ስህተቱንም የሚያውቀው ነገሩ ካለቀ በኋላ ነው። ተገልጋዩ ሥራውን መመዘን የማይችል ከሆነ፣ የመመዘኑን ኃላፊነት ሥራውን የሚያውቁት ሰዎች ሊሸከሙለት ይገባል። የፕሮፌሽን መነሻ ይኸው ነው።

«ዲግሪ ካለ በቂ ነው»

ከሕግ ትምህርት ቤት የወጣ ሰው የሕግ ምሩቅ እንጂ ገና ጠበቃ አይደለም። ክፍያ ተቀብሎ በፌዴራል ፍርድ ቤቶች ለደንበኛ ለመቆም የጥብቅና ፈቃድ ያስፈልገዋል። ጠበቃ ስትይዙ ፈቃዱን እዩ፤ ይግባኝ ከሆነ ደግሞ የገባበትን ቀንና የመዝገብ ቁጥሩን ጠይቁ።

«ፈቃድ ካለማ ፕሮፌሽን ነው»

ሾፌርም መንጃ ፈቃድ፣ ነጋዴም የንግድ ፈቃድ አለው። ዋናው ከፈቃዱ ጀርባ የሙያው ሰዎች የተቀበሉት የአሠራር ደንብ መኖሩ ነው። የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 2031 ባለሙያ የሙያውን ደንብ እንዲጠብቅ ያዛል፤ ጥፋቱም የሚመዘነው በሳይንስ በታወቀው ወይም የሙያው ሰዎች በተቀበሉት ደንብ ነው። ስለዚህ ጉዳይ መረታት ብቻውን የጠበቃ ጥፋት አይሆንም፤ በጥንቃቄ የሠራም ይረታል። የይግባኝ ቀን ማሳለፍ ግን ሌላ ነገር ነው። ብዙ ደንበኞች ሁለቱን አንድ አድርገው ስለሚያዩ፣ ሊከሱ የሚገባቸውን ትተው የማይገባቸውን ሲከሱ ይገኛሉ።

«ሥነ ምግባር የግል ጨዋነት ነው»

የደንበኛን ምስጢር ማውጣት በወንጀል ሕጉ ያስቀጣል፤ ሕጉ ጠበቃን ከሐኪም ጋር አብሮ ይጠራዋል።

«የሙያ ማህበር እንደ ሠራተኛ ማህበር ነው»

የሠራተኛ ማህበር የአባላቱን ደመወዝና የሥራ ሁኔታ ያስከብራል፤ መግባቱም በፈቃደኝነት ነው። በአዋጅ ቁጥር 1249/2013 የተቋቋመው የኢትዮጵያ ፌዴራል ጠበቆች ማህበር ግን ለባለ ፈቃድ ጠበቃ አባልነቱ ግዴታ ነው። ግዴታው ለሕዝብም ጭምር ነው፦ በ1992 ዓ.ም. የወጣው የጠበቆች ሥነ ምግባር ደንብ እያንዳንዱ ጠበቃ በዓመት ቢያንስ 50 ሰዓት በነፃ ወይም በአነስተኛ ክፍያ እንዲያገለግል አዟል።