ራይድሼር ኢንዶርስመንት ምንድን ነው?

ራይድሼር ማለት እንደ ኡበርና ሊፍት ባሉ የስልክ አፖች በራስ መኪና ተሳፋሪ ማመላለስ ነው፤ ኢንዶርስመንት ደግሞ ባለው የኢንሹራንስ ውል ላይ የሚታከል ሽፋን። ለምን እንደሚያስፈልግ በምሳሌ እንየው። አንድ ወንድማችን ቨርጂኒያ ውስጥ ኡበር ይሠራል እንበል። አፑን አብርቶ ወደ ዱለስ አየር ማረፊያ እያመራ ነው። ገና ጥሪ አልመጣለትም፤ የኋላ ወንበሩ ባዶ ነው። መብራት ላይ ፍሬን ዘገየበትና የፊቱን መኪና ገጨ። የካምሪው ኮፈን ታጥፎ ራዲያተሩ ይፈስሳል። የመኪናው ብድር ገና ሁለት ዓመት ይቀረዋል። «ግድ የለም፣ ፉል ካቨሬጅ (የራሴንም መኪና የሚሸፍን) ነው ያለኝ» ብሎ ኢንሹራንሱ ጋ ይደውላል። ከዚያ በኩል የሚመጣው የመጀመሪያ ጥያቄ ግን «አፑ በርቶ ነበር?» የሚል ነው።

ነገሩ ሁሉ ያለው እዚህ ጥያቄ ላይ ነው። የግል መኪና ኢንሹራንስ ውል ውስጥ፣ በክፍያ ሰው ስታመላልሱ የሚደርስ ጉዳትን አልሸፍንም የሚል አንቀጽ አለ። አገር ቤት ይህ ልዩነት ሰሌዳ ላይ ይነበባል። ኮድ 2 የቤት መኪና ነው፣ ኮድ 3 የንግድ፣ ኮድ 1 ታክሲ። ቨርጂኒያ ላይ ግን ጠዋት ልጆች ትምህርት ቤት የሚያደርሰውም፣ ማታ ተሳፋሪ የሚጭነውም ያው ካምሪ ነው። ሰሌዳው ምንም አይናገርም። ስለዚህ መለያው አፑ ሆነ። (ኒውዮርክ ከተማ ሌላ ነው፤ እዚያ የከተማው የታክሲ ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት (ቲኤልሲ) ሰሌዳና የንግድ ኢንሹራንስ ግድ ነው።)

አፑ ከጠፋ የራሳችሁ ኢንሹራንስ ይሠራል። ጥሪ ተቀብላችሁ ተሳፋሪው እስኪወርድ ደግሞ የኡበር ወይም የሊፍት ኢንሹራንስ አለ፤ ሌላ ሰው ላይ ለሚደርስ ጉዳት በአብዛኛው እስከ 1 ሚሊዮን ዶላር ይሸፍናል። ጣጣው መሀል ላይ ነው፦ አፑ በርቶ፣ ጥሪ ሳይመጣ። በዚህ ሰዓት የኩባንያዎቹ ሽፋን በብዙ ክፍለ ግዛቶች ለአንድ ሰው ጉዳት 50 ሺህ፣ ለአንድ አደጋ በድምሩ 100 ሺህ፣ ለንብረት 25 ሺህ ዶላር ነው። ይህም ለተገጨው ወገን ነው። ጥፋቱ የእናንተ ከሆነ ለእናንተ መኪና ምንም የለውም።

ይህ ክፍተት የታወቀው በመጥፎ መንገድ ነው። በ2013 የመጨረሻ ምሽት ሳንፍራንሲስኮ ላይ ተሳፋሪ ያልጫነ የኡበር ሾፌር የ6 ዓመት ሕፃን ገጭቶ ገደለ። ኡበር ሾፌሩ በወቅቱ ተሳፋሪ አልያዘም አለ። ያን ጊዜ ነው «ታዲያ ማን ይክፈል?» የሚለው ጥያቄ የገነነው። ካሊፎርኒያም በማግሥቱ ዓመት አፑ በርቶ ጥሪ ለሚጠበቅበት ሰዓት ኢንሹራንስ የሚያስገድድ ሕግ አወጣች።

ራይድሼር ኢንዶርስመንት እንግዲህ ያንን ቀዳዳ የሚደፍን ነው። አዲስ ኢንሹራንስ አይደለም፤ ባለው የግል ውል ላይ ትንሽ ተጨማሪ ተከፍሎ የሚታከል ነው። ሙሉ የንግድ ኢንሹራንስ ከመግዛት በብዙ ይረክሳል። አንዳንዱ ተሳፋሪ ከያዛችሁ በኋላም ይጠቅማል። የኡበር ኢንሹራንስ መኪናችሁን የሚያሠራው መጀመሪያ 2,500 ዶላር ከኪሳችሁ ስትከፍሉ ነውና፣ በዚያና በራሳችሁ ዲዳክቲብል (በግል ውላችሁ መሠረት ከኪሳችሁ በምትከፍሉት) መካከል ያለውን ልዩነት የሚሸፍን ኢንዶርስመንት አለ። ኡበርም መኪናውን የሚሸፍነው በግል ውላችሁ ላይ ኮሊዥን (በግጭት የራሳችሁ መኪና ሲጎዳ የሚከፍል ሽፋን) ካላችሁ ብቻ መሆኑን አትርሱ።

«ኡበር እንደምሠራ ካላወቁ ምን አገባኝ» የሚሉ ወንድሞችና እህቶች አሉ። እባካችሁ ተዉ። አፑ የበራበትና የጠፋበት ሰዓት ተመዝግቦ ይቀመጣል። ኢንሹራንሱ መዝገቡን ሊጠይቅ ይችላል፤ ሲደርስበት ክሌሙን (የካሳ ጥያቄውን) ከመከልከል አልፎ ውሉን ሊያፈርስ ይችላል። ዛሬውኑ ኤጀንታችሁ ጋ ደውሉ። ምግብ የምታደርሱም ከሆነ ለይታችሁ ጠይቁ፤ ሰው ማመላለስን ብቻ ሸፍኖ ዴሊቨሪን የሚተው ኢንዶርስመንት አለ። የእናንተ ኢንሹራንስ ኩባንያ ኢንዶርስመንቱ ጭራሽ ከሌለው ደግሞ ያለው ኩባንያ ፈልጉ፤ አፑን ከዚያ በኋላ አብሩ።