ብላክጃክ፦ ጨርቁ ላይ የተጻፈችው ትንሽ መስመር

ብላክጃክ ከ21 ሳያልፉ ካርታ ሰጪውን በድምር ለመብለጥ የሚጫወቱት የካዚኖ የካርታ ጨዋታ ነው። ላስ ቬጋስ ውስጥ ጎን ለጎን ያሉ ሁለት የብላክጃክ ጠረጴዛዎች ሕጋቸው ሊለያይ ይችላል። ልዩነቱ ጠረጴዛውን በሸፈነው ጨርቅ ላይ ተጽፏል፤ ብዙ ሰው ግን ሳያነብ ይቀመጣል።

መጀመሪያ «3 ለ 2» ወይም «6 ለ 5» የሚለውን ፈልጉ። አስና 10 የሚቆጠር ካርታ አንድ ላይ ሲደርሳችሁ፣ ማለትም ብላክጃክ ሲመጣላችሁ፣ የሚከፈላችሁ በዚህ ነው። 10 ዶላር ካስያዛችሁ 3 ለ 2 ላይ 15 ዶላር ታገኛላችሁ። 6 ለ 5 ላይ? 12 ብቻ። ቁጥሩ ትልቅ ስለሆነ የተሻለ ይመስላል፤ ሸወዳው እዚያ ላይ ነው። ብላክጃክ በ21 ዙር አንዴ ገደማ ስለሚመጣ፣ የካዚኖው ብልጫ፣ ማለትም ከምታስይዙት ብር በአማካይ የሚቀርለት ድርሻ፣ በ1.4 በመቶ ገደማ ይጨምራል። ደግሞ 6 ለ 5 የሚበዛው ትንሽ ብር በሚያስይዙት ጠረጴዛዎች ላይ ነው። ርካሽ መስሏችሁ ትገባላችሁ!

ሌላው «ለስላሳ 17» ነው። አስ 1ም 11ም ሆኖ ይቆጠራል። ስለዚህ አስና 6 የያዘው ካርታ ሰጪ አንድ ካርታ ቢጨምርም ከ21 አያልፍም። አንዱ ጠረጴዛ ላይ እዚያው ይቆማል፣ ሌላው ላይ ተጨማሪ ካርታ ይስባል። ቢስብ የሚጠቀመው ካዚኖው ነው፤ ግን 0.2 በመቶ ገደማ ብቻ። እኔ ብሆን በዚህኛው አልጨነቅም፤ 6 ለ 5 ካየሁ ግን ወንበሩንም አልስብም።