ገመዱና ጨርቁ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

ክረምት ነበር፣ እሑድ ጠዋት። ቅዳሴው ተጋምሶ ሳለ ዶፍ ወረደ። የሰበካችን ቤተ ክርስቲያን ደረጃ ጣሪያ የለውም፤ ጫማችንን የምናወልቀው ደግሞ እዚያው ደረጃ ላይ ነው። ልጄ አልቅሳ ስላስቸገረችኝ ታቅፌያት ወደ በሩ ወጣሁ። አንድ ሽማግሌ አባት አጎንብሰው አየሁ። ትልቅ ላስቲክ ይዘው ጫማዎቻችንን ይሸፍናሉ። ጋቢያቸው በስብሶ ትከሻቸው ላይ ተጣብቋል።

ላስቲኩን ከመዘርጋታቸው በፊት የሚያደርጉትን ቆሜ አየሁ። የአሮጊቶቹን ጫማ እየለዩ ያዞራሉ። አፍንጫው ወደ ውጭ፣ ተረከዙ ወደ በሩ። ጉልበቷን የሚያማት እናት ስትወጣ ዞር ሳትል፣ ሳታጎነብስ፣ እግሯን ብቻ ሰደድ እንድታደርግ ነው።

«አባቴ፣ እርስዎ እኮ በሰበሱ» አልኳቸው።

«አስቀድሶ በእርጥብ ጫማ ወደ ቤት መሄድ ያስጠላል፣ ልጄ። ይልቅ ግቢ፣ ሕፃኗን ብርድ ይመታታል» አሉኝና ሥራቸውን ቀጠሉ።

ስማቸውን እስከ ዛሬ አላውቅም። ግን ትንቢተ ኤርምያስ ምዕራፍ 38ን ባነበብኩ ቁጥር ፊቴ ላይ ድቅን የሚሉት እሳቸው ናቸው።

ታሪኩን ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ። ቢሆንም ዛሬ ቀስ ብለን እንየው።

ኢየሩሳሌም በባቢሎን ጦር ተከባለች። በከተማው እንጀራ እያለቀ ነው። ነቢዩ ኤርምያስ «እጃችሁን ስጡ፣ በሕይወት ትኖራላችሁ» ብሎ ስለተናገረ መኳንንቱ ተቆጡ። «ይህ ሰው የወታደሩን ልብ ያደክማል፣ ይሙት» አሉ። ንጉሡ ሴዴቅያስም «በእጃችሁ ነው» ብሎ አሳልፎ ሰጣቸው። በግዞት ቤቱ አደባባይ ወደነበረው ጉድጓድ በገመድ አወረዱት። ጉድጓዱ ውኃ አልነበረበትም፤ ጭቃ እንጂ። ኤርምያስም ጭቃው ውስጥ ገባ።

በዚያ ሁሉ ሕዝብ መካከል ለነቢዩ ተቆርቁሮ የተነሣው የውጭ አገር ሰው ነው። በንጉሡ ቤት የሚያገለግል ኢትዮጵያዊ ጃንደረባ፣ አቤሜሌክ። ስሙ በዕብራይስጥ «የንጉሥ አገልጋይ» ማለት ነው። ንጉሡ በብንያም በር ተቀምጦ ሳለ ሄዶ ፊት ለፊት ተናገረው። እነዚህ ሰዎች ያደረጉት ክፉ ነው፣ ነቢዩ በረሃብ ሊሞት ነው አለ። ንጉሡም 30 ሰዎች ይዘህ ሂድና አውጣው ብሎ አዘዘው።

እዚህ ላይ ቆም በሉልኝ።

ትእዛዙ በእጁ ነው። ሰዎቹም አብረውት ናቸው። ጊዜውም አይጠብቅም፤ መኳንንቱ ሰምተው ንጉሡን ሐሳቡን ሊያስቀይሩት ይችላሉ። እኔ ብሆን በቀጥታ ወደ ጉድጓዱ እሮጥ ነበር። አቤሜሌክ ግን መጀመሪያ ወደ ንጉሡ ቤት ሄደ። ከግምጃ ቤቱ ሥር ካለው ክፍል ገብቶ አሮጌ ጨርቅና ያለቀ ልብስ ለቃቀመ። ያንን ይዞ መጣና በገመድ ወደ ኤርምያስ አወረደለት። ከዚያም «ይህን ጨርቅ በብብትህ ውስጥ፣ ከገመዱ በታች አድርገው» አለው።

ምክንያቱ ግልጽ ነው። ኤርምያስ የተራበና የደከመ ሰው ነው። ጭቃው ይዞታል። ጭቃ የያዘውን ሰው በገመድ ሲጎትቱት ገመዱ ብብቱን ይልጠዋል። አቤሜሌክ ይህን አስቀድሞ አሰበው። ጉድጓዱ አፋፍ ላይ ሳይደርስ፣ የነቢዩን ብብት ገና ንጉሡ ፊት ቆሞ ሳለ አሰበው ብል ማጋነን አይመስለኝም።

ገመዱ የትእዛዝ ነው። ጨርቁን ግን ማንም አላዘዘውም።

አገልግሎታችን ውስጥም ገመድና ጨርቅ አለ። ገመዱ የተመደብንበት ነው። መዘመር፣ ማስተማር፣ የሰበካ ጉባኤ ስብሰባ መምራት፣ ለነዳያን ምሳ ማብሰል። ጨርቁ ደግሞ ማንም ያልጠየቀን ነው። ጥርስ የሌላቸው አባት ድርቆሹ እንዳያስቸግራቸው ዳቦውን ቆርሶ ወጡ ውስጥ ማራስ። አዲስ የመጣችው ልጅ ብቻዋን እንዳትቆም ነጠላዋን ያዝ አድርጎ ከጎን መቆም። ይህን ማንም አይመዘግበውም።

እግዚአብሔር ግን መዘገበው። የ30ዎቹ ሰዎች ስም በመጽሐፍ ቅዱስ የለም። የገመዱ ርዝመት አልተጻፈም። አሮጌው ጨርቅ ግን ከነተገኘበት ክፍል ተጽፎ እስከ ዛሬ ይነበባል። ይህ ነገር ሁሌም ያስለቅሰኛል። ቅዱስ ጳውሎስ ለዕብራውያን ሲጽፍ እግዚአብሔር ያደረጋችሁትን ሥራ፣ ለስሙም ያሳያችሁትን ፍቅር ይረሳ ዘንድ ዓመፀኛ አይደለም ያለው (ዕብ. 6፥10) ለካ እንዲህ እስከ ጨርቅ ድረስ ነው።

ዋጋውስ? ምዕራፍ 39ን ክፈቱ። ከተማይቱ ልትወድቅ ነው። ኤርምያስ ገና በግዞት ቤቱ አደባባይ ነው። እግዚአብሔር ያንን ሁሉ የመንግሥትና የጦርነት ነገር ይዞ ሳለ ለአንድ አገልጋይ መልእክት ይልካል። ሂድና ለኢትዮጵያዊው ለአቤሜሌክ ንገረው፤ በዚያ ቀን አድንሃለሁ፣ በምትፈራቸውም ሰዎች እጅ አትሰጥም፣ ይላል።

«በምትፈራቸው ሰዎች» ነው ያለው። አቤሜሌክ ፈርቶ ነበር ማለት ነው! ጀግና መስሎን ነበር፤ ለካ ማታ ማታ መኳንንቱ ምን ያደርጉኝ ይሆን እያለ እንቅልፍ ያጣ ሰው ነው። ፍርሃቱን ለማንም አልተናገረ ይሆናል። እግዚአብሔር ግን ያውቅ ነበር፤ ዋጋውንም የሰጠው በዚያው በሚያስፈራው ነገር በኩል ነው። ደግሞ ምክንያቱን ተመልከቱ። «ነቢዬን ስላወጣህልኝ» አላለውም። «በእኔ ታምነሃልና» አለው። ከጨርቁ ጀርባ ያለውን እምነት ነው ያየው።

ስለ ሰማያዊ ዋጋ ስናወራ አንዳንዶቻችን እናፍራለን። ለዋጋ ብሎ ማገልገል ንግድ አይሆንም ወይ እንላለን። ስጋቱ ይገባኛል። ግን ስለ ዋጋ ደጋግሞ የተናገረው ራሱ ጌታችን ነው። ከእነዚህ ከታናናሾች ለአንዱ ቀዝቃዛ ውኃ ብቻ ያጠጣ ዋጋው አይጠፋበትም ብሏል (ማቴ. 10፥42)። ነጋዴ ሒሳብ ይይዛል። በማቴዎስ 25 በቀኝ የቆሙት ጻድቃን ግን ሒሳብ አልያዙም። ንጉሡ «ተርቤ አብልታችሁኛል» ሲላቸው «ጌታ ሆይ፣ ተርበህ አይተን መቼ አበላንህ?» ብለው ጠየቁ። ትሕትና ለማሳየት አይመስለኝም። ረስተውት ነው። እነሱ የረሱትን እርሱ ይዞት ቆየ።

የእኛው ቋንቋም ይህን ትምህርት ይዟል። ስናመሰግን ምን እንላለን? «እግዚአብሔር ይስጥልኝ።» ቃሉን ጠዋት ማታ ስለምንለው አንሰማውም እንጂ ትርጉሙ ትልቅ ነው። እኔ ብድራትህን ልመልስ አልችልም፣ በእኔ ፋንታ እግዚአብሔር ይስጥህ ማለት ነው። ጌታችን በሉቃስ 14 ግብዣ ስታደርግ ድኾችን፣ ጉንድሾችን፣ አንካሶችን፣ ዕውሮችን ጥራ፤ የሚመልሱት የላቸውምና ብፁዕ ትሆናለህ፣ በጻድቃን ትንሣኤ ይመለስልሃል ያለው ይኸው ነው። በቤተ ክርስቲያን ደጅ አንድ ነዳይ እጁን ዘርግቶ «እግዜር ይስጥልኝ» ሲል ብድራቱን ወደ ሰማይ አስተላለፈው ማለት ነው። እኛም «አብሮ ይስጠን» እንላለን። ዋጋውን ለብቻችን እንኳ አንወስድም፤ ከተቀባዩ ጋር እንካፈለዋለን።

ታዲያ ዋጋ የሚጠፋበት መንገድ አለ። ስለዚህ ከራሴ ልናገር።

ከጥቂት ዓመታት በፊት በአንድ ማኅበር ውስጥ ሆነን ለአንዲት የገጠር ቤተ ክርስቲያን ጣሪያ ቆርቆሮ አሰባሰብን። እኔ ከሥራ እየወጣሁ ሱቅ ለሱቅ ዞሬ ለመንኩ። በመጨረሻ የምስጋና ፕሮግራም ተደረገ። የአስተባባሪዎች ስም ተነበበ። የእኔ ስም አልነበረም። ተረስቼ እንደሆነ አውቃለሁ፣ ክፋት አልነበረበትም። ግን ሆዴ ሻከረ። ለሦስት ሳምንት ማኅበሩ ቤት አልሄድኩም። ስልክ ሲደወልልኝም «አልመቸኝም» አልኩ። ዋሸሁ ማለት ነው።

ለንስሐ አባቴ ስነግራቸው ዝም ብለው ሰሙኝ። ከዚያ «ስምሽ ተነቦ ቢሆን ኖሮ ምን ታገኚ ነበር?» አሉኝ። «ጭብጨባ» አልኩ። «እሱ ስንት ደቂቃ ይቆያል?» አሉኝ።

ጌታችን በሰው ፊት ሊታዩ ምጽዋት ስለሚሰጡ ሰዎች «ዋጋቸውን ተቀብለዋል» ብሏል (ማቴ. 6፥2)። ወንጌሉ የተጻፈበት የግሪክ ቃል በዚያ ዘመን በደረሰኝ ላይ የሚጻፍ ነበር። ሙሉ ክፍያ ተቀብያለሁ፣ ምንም የቀረኝ የለም እንደማለት ነው። እኔ ያን ቀን የተናደድኩት ደረሰኝ ስላልተቆረጠልኝ ነበር። ይህን ሳስብ አሁንም ልቤ ይነካል። እግዚአብሔር ሊያስቀምጥልኝ የፈለገውን እኔ በሁለት ደቂቃ ጭብጨባ ልጨርሰው ነበር።

በቤተ ክርስቲያን አገልግሎት የላችሁም ተብላችሁ የምታዝኑም አላችሁ። በተለይ ቤት ውስጥ በሽተኛ የምታስታምሙ። አንዲት የማውቃት እኅት እናቷ አልጋ ላይ ከዋለች ወዲህ ቅዳሴ እንደ ልቧ መድረስ አልቻለችም። ሌሊት ሁለት ሦስቴ ተነሥታ ታገላብጣታለች። ተረከዟ እንዳይቆስል ያረጀ የሕፃን አንሶላ አጣጥፋ ከእግሯ ሥር ታደርጋለች። «እኔ እኮ አገልግሎቴን ሁሉ አቆምኩ» ብላ አለቀሰችብኝ። አንሶላውን አሳየኋት። አሮጌ ጨርቅ ነው፣ የሰው ሥጋ እንዳይላጥ የተደረገ። አቤሜሌክን ነገርኳት። እሷም ደግማ አለቀሰች፤ ያኛው ልቅሶ ግን ሌላ ነበር።

ቅዱስ ጳውሎስ ስለ ጽድቅ አክሊል ይናገራል። መጽሐፍ ስለ ሕይወት አክሊል፣ ስለ ክብር አክሊልም ይነግረናል። እነዚህ እንዴት ያሉ እንደሆኑ ዓይን አላየውምና አልዘረዝርም። አንድ ነገር ግን ራእየ ዮሐንስ ያሳየናል። ኅዳር 24 በዓላቸውን የምናከብራቸው 24ቱ ካህናተ ሰማይ በራሳቸው ላይ የወርቅ አክሊል አላቸው። በዙፋኑ ላይ ለተቀመጠው ሲሰግዱ ግን አክሊላቸውን እያወለቁ በዙፋኑ ፊት ያኖራሉ። እዚያም ቢሆን ዋጋ የሚሰጠን መልሰን የምናኖረው እንዲኖረን ይመስለኛል።

የአቤሜሌክ ነገር በትንቢተ ኤርምያስ አያበቃም። ቤተ ክርስቲያናችን በምትቀበለው በተረፈ ባሮክ ይቀጥላል። ኤርምያስ ከተማይቱ ልትጠፋ መሆኑን ባወቀ ጊዜ ስለ አቤሜሌክ ለመነ። ከጭቃው ጉድጓድ ያወጣኝ እርሱ ነውና የከተማዋን ጥፋት እንዳያይ እፈልጋለሁ አለ። እግዚአብሔርም «ወደ አግሪጳ የወይን ቦታ ላከው፣ በተራራው ጥላ እሰውረዋለሁ» አለው። ኤርምያስ አቤሜሌክን በማግሥቱ በለስ አምጣ ብሎ ላከው። ለማን? ለሕዝቡ በሽተኞች። የተሰወረው እንኳ በአገልግሎት መንገድ ላይ እንዳለ ነው።

በለሱን ለቅሞ ሲመለስ ፀሐዩ በረታበት፣ ከዛፍ ጥላ ሥር ጋደም አለ። ትንሽ ያረፈ መሰለው። የተኛው ግን 66 ዓመት ነበር። ሲነሣ ቅርጫቱን ገለጥ አድርጎ አየ፤ በለሱ ወተቱን ያንጠባጥባል። ወደ ከተማው ሲገባ የሚያውቀው ሰው አጣ፣ መንገዱም ጠፋው። አንድ ሽማግሌ አግኝቶ ጠየቀ። ሕዝቡ ተማርኮ ባቢሎን ከወረደ ስንት ዘመን እንዳለፈው ነገረው። አቤሜሌክ የበለሱን እርጥበት አይቶ እግዚአብሔር ያደረገለትን ገባው። ከበለሱም ለሽማግሌው አንሥቶ ሰጠውና፣ እግዚአብሔር ወደ ላይኛይቱ ከተማ ወደ ኢየሩሳሌም መንገድህን ያብራልህ ብሎ መረቀው።