የገንፎ ፍንጭና የማጀት ቃላት፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ጎንደር ፒያሳ ቡና ይዞ መስቀለኛ ቃላት የሚሞላ ሰው «ከገብስ ዱቄት የሚሠራ፣ ሁለት ሳጥን» የሚል ፍንጭ ሲያገኝ ሳያመነታ በእስክርቢቶ «በሶ» ይላል። ይህ ችኮላ ስንቱን ሠንጠረዥ አበላሽቷል!

«በሶም፣ ጭኮም፣ ሙቅም ያው የገብስ ነገር ነው።» በፍጹም አይደለም። ሦስቱም ሁለት ሁለት ሳጥን ስለሚይዙ መለያው አሠራሩ ብቻ ነው። የበሶ ገብስ ተቆልቶ ይፈጫል፤ ከዚያ ወዲያ እሳት አያየውም፣ በውኃ ይታሻል ወይም ይበጠበጣል። ጭኮም ከተቆላ ገብስ ነው፣ የሚታሸው ግን በነጠረ ቅቤ ነው። ሙቅ እሳት ላይ በስሎ ትኩሱን ይጠጣል። «የሚጠጣ» የሚለው ቃል ብቻውን አይበቃም፤ የተበጠበጠ በሶም ይጠጣልና። ፍንጩ ውስጥ እሳት፣ ውኃ ወይም ቅቤ ፈልጉ።

ባለ ሦስት ሳጥኑ ይብሳል። ገንፎና ቅንጬ መካከላቸው ላይ ሁለቱም «ን» ስላላቸው በዚያ የሚያልፈው የቁልቁል ቃል አይለያቸውም። በመጀመሪያው ወይም በመጨረሻው ሳጥን የሚያልፈውን አስቀድማችሁ ሙሉ። ፍንጩ ስለ ማማሰል ወይም መሐሉ ተጎድጉዶ ስለሚፈስበት ቅቤና በርበሬ ካወራ ገንፎ ነው፤ ስለ ተከካ ስንዴ ወይም ገብስ ካወራ ቅንጬ ነው። «የአራስ ምግብ» ሲባል ደግሞ ሳጥን ቁጠሩ፦ ሦስት ከሆነ ገንፎ፣ አራት ከሆነ አጥሚት።

«የዕቃ ስም መጨረሻው ሁልጊዜ ‹ያ› የሚለው ፊደል ነው።» ግሡን ሳያዩ «ያ» መጻፍ ትልቅ ጥፋት ነው። «የሚማሰልበት» ማማሰያ ይሆናል፣ እሺ። ግን የግሡ መጨረሻ ሰ ሲሆን ሻ ይመጣል (ጠበሰ፣ መጥበሻ)፤ ጠ ሲሆን ጫ (ወቀጠ፣ መውቀጫ)፤ ነ ሲሆን ኛ (ከደነ፣ መክደኛ)፤ ተ ሲሆን ቻ (ከፈተ፣ መክፈቻ)፤ ደ ሲሆን ጃ (አረደ፣ ማረጃ)። ከግሥ ያልወጣ ስም ያላቸውም አሉ፦ «የምጣድ ክዳን፣ አምስት ሳጥን» አክንባሎ ነው።

«ጠብቆ የሚነበብ ፊደል ሁለት ሳጥን ይወስዳል።» አይወስድም። ዳቦ ሁለት ነው።

«ሰና ሠ፣ ሀና ሐ የትኛውም ቢጻፍ ለውጥ የለውም።» ሠንጠረዥ ላይ አለው፤ የሚያቋርጠው ቃል እስኪሞላ በእርሳስ አቆዩት።

«እኛ ሞሰብ ስለምንል ሞሰብ ነው።» በንግግር ልክ ነው፣ ሠንጠረዡ ግን የሚጠብቀው በጽሑፍ የተለመደውን መሶብ ነው። ሁለቱም ሦስት ሳጥን ስለሆኑ ስህተቱ ወዲያው አይታወቅም። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ፊደላት ግን በድምፃቸው ይለያያሉ፤ ስለዚህ በእነሱ ላይ የሚያልፉት ሁለት የቁልቁል ቃላት አብረው ይበላሻሉ። ሁለት ጎረቤት ቃላት አንድ ላይ እምቢ ካሏችሁ እነሱን ከመሰረዝ በፊት ያቋረጣቸውን ቃል አጻጻፍ ፈትሹ።