«መድኃኒት መላመድ» ምንድን ነው? የሚላመደውስ ማን ነው?

ሰሞኑን አንድ ተናጋሪ በሬዲዮ «አንቲባዮቲክ የሚያበዛ ሰው ሰውነቱ መድኃኒቱን ይላመደዋል፤ ጉዳቱም የራሱ ነው» ሲል ሰማሁ። ሐዋሳ ውስጥ በምሠራበት ላቦራቶሪም ይህንኑ ስሰማ ዓመታት አልፈዋል፦ «ሰውነቴ አሞክሳሲሊን ለምዷል፣ ጠንከር ያለ ይታዘዝልኝ።» ያሳሳተን ቃሉ ራሱ ይመስለኛል። መላመድ ሲባል ቡና ወይም ጫት የለመደ ሰው ነው የሚታየን።

ሰውነት ምንም አልለመደም፤ መድኃኒቱን የሚቋቋመው ባክቴሪያው ነው። በተወለደ በሦስተኛ ቀኑ ደሙ ውስጥ መድኃኒት የማይበግረው ባክቴሪያ የሚገኝበት ሕፃን አለ። እሱ መቼ ወስዶ ለመደ?

በሐዋሳ ሐይቅ ዳር ያሉትን የአሞራ ገደል ዓሣ አጥማጆች አስቡ። መረብ ሲጣል ትልልቁ ቆሮሶ ይያዛል፣ በቀዳዳው የሾለከው ይተርፋል፣ የሚራባውም የተረፈው ነው። ዓሣው መረቡን ስለለመደ አይደለም፤ መረቡ የማይዘው ብቻ ስለቀረ ነው። ሐይቁ ደግሞ የሁላችን ነው፤ ከእኔ መረብ የሾለከው ነገ የእናንተ መረብ ላይ ይመጣል። ባክቴሪያ ከዓሣም ይብሳል። ማምለጫውን ፕላዝሚድ በምትባል ትንሽ የዘረመል ቀለበት ለጎረቤቱ፣ ለሌላ ዝርያ ሳይቀር ያቀብላል። ሐይቅ ለጥቂት ጊዜ ከአጥማጅ ቢያርፍ ያገግማል፤ የጠፋ የመድኃኒት ኃይል ግን ሁልጊዜ አይመለስም።

ስለዚህ ለጉንፋን አንቲባዮቲክ ሲታዘዝ ቫይረሱ አይነካም፤ መረቡ ግን አንጀት ውስጥ ባለው ባክቴሪያ ላይ ተጥሏል። «ጠንከር ያለ» የሚባለውም ብዙውን ጊዜ ቀዳዳው የጠበበ፣ ያልታሰበውንም የሚጠርግ መረብ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. ከ2017 ጀምሮ አንቲባዮቲኮችን በሦስት መድቧል። አሞክሳሲሊን በቅድሚያ ከሚታዘዙት ነው፤ በየማዘዣው የምናየው ሴፍትሪያክሶንና አዚትሮማይሲን በጥንቃቄ ከሚያዙት፤ ሦስተኛው ምድብ የመጨረሻ መጠባበቂያ ነው። እ.ኤ.አ. በ2024 የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ፣ በዓለም ላይ ለሰው ከሚሰጠው አንቲባዮቲክ ቢያንስ 70 በመቶው በ2030 ከመጀመሪያው ምድብ እንዲሆን ግብ አስቀምጧል።

የሐኪም እጅ ይታሰር አላልኩም። ሴፕሲስ (ኢንፌክሽን መላ ሰውነትን የሚያናጋበት አደገኛ ሁኔታ) ለተጠረጠረበት ታካሚ የካልቸር፣ ማለትም ከናሙናው ባክቴሪያ አብቅሎ የመለየት ምርመራ፣ ውጤት እስኪመጣ ሁለት ሦስት ቀን መጠበቅ ሕይወት ያስከፍላል፤ ደሙ ከመጀመሪያው መርፌ በፊት ይቀዳ፣ መድኃኒቱም ወዲያው ይጀመር። የሚቆጨኝ ውጤቱ ወጥቶ፣ ቀለል ያለው እንደሚበቃ ታውቆ፣ ማዘዣው ያው ሆኖ ሲቀጥል ነው። የእኛም ውጤት ገደብ አለው። የታይፎይድ ባክቴሪያ ላቦራቶሪ ውስጥ በጄንታማይሲን ይሞታል፤ ታካሚው ላይ ግን ጄንታማይሲን አይሠራም።

ሐኪሞች፣ ናሙና ስትልኩልን የምርመራ መጠየቂያው ላይ «አንቲባዮቲክ ጀምሯል፣ ስሙም ይህ ነው» ብላችሁ ጻፉልን። ያ ካልተጻፈ «ምንም አልበቀለም» የሚለው ውጤታችን ባክቴሪያ የለም ማለት ይሁን መድኃኒቱ ቀድሞ አዳክሞታል ማለት፣ እኛም መለየት አንችልም።